ሳንቲሙና ኳሷ፦ የመስኮት እግር ኳስ አመጣጥና ዕድገት

ሰው ጨዋታን የፈጠረው ከሥራ ሲያርፍ ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ አይደለም። በኑሮው ያየውን፣ በጦር ሜዳ የፈራውን፣ በልቡ የተመኘውን በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ መልሶ ሊያየውና በገዛ እጁ ሊያዝዘው ስለ ፈለገም ጭምር ነው። ሰንጠረዥ ንጉሡን፣ ፈረሱንና ሠራዊቱን ከአንድ ገበታ ላይ አሰለፈ። ገበጣ በጉድጓድና በጠጠር ቁጥርንና አርቆ ማሰብን አስተማረ። እነዚህ ጨዋታዎች የተወለዱበትን ኅብረተሰብ አስተሳሰብና የኑሮ ሥርዓት ያሳያሉ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ሰሌዳው የኤሌክትሪክ መስኮት ሆነ። በዚህ መስኮት ላይ ከታዩትና ብዙ ወጣት ከሰበሰቡት ጨዋታዎች አንዱ እግር ኳስ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ሲመረመር ቀላል ሆኖ አይገኝም። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች፣ ዘጠና ደቂቃ፣ መቶ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሜዳ፤ ይህ ሁሉ ክንድ በማይሞላ መስኮት ውስጥ እንዴት ሊገባ ይችላል? ምኑ ይቀራል? ምኑስ ይጣላል? የሚቀረውንና የሚጣለውንስ የሚወስነው ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው። ታሪኩ እንደሚያሳየው የመስኮት እግር ኳስ ከተወለደ ጀምሮ ለሁለት ጌቶች ሲያገለግል ኖሯል። አንደኛዋ ጌታ ኳሷ ናት፤ ይኸውም የጨዋታው እውነትና ውበት ማለት ነው። ሁለተኛው ሳንቲሙ ነው፤ ይኸውም ጨዋታውን ለገበያ ያቀረበው ወገን የሚጠብቀው ትርፍ ማለት ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ተስማምተዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተጣልተዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጨት ገበታ እስከ ኤሌክትሪክ መስኮት

እግር ኳስን ከሜዳ አንሥቶ ገበታ ላይ የማስቀመጥ ሐሳብ ኤሌክትሮኒክስን ይቀድማል። በየሰፈራችን ጆተኒ እያልን የምንጠራው፣ ትናንሽ ሰዎች በብረት ዘንግ ተሰክተው የሚሽከረከሩበት ገበታ ለዚህ ምስክር ነው። በእንግሊዝ ሀገር ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የተባለ ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለእንዲህ ያለ ገበታ የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አግኝቷል። ለኪነ ጥበብ ሰው ልብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የእስፓኙ የአሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ ታሪክ ነው።

ፊኒስቴሬ ባለቅኔና አሳታሚ ነበር። የእስፓኝ የርስ በርስ ጦርነት በተጀመረበት በ1936፣ ገና ወጣት ሳለ፣ በማድሪድ ላይ በተጣለ ቦምብ ቆስሎ ወደ ካታሎኒያ ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያም እንደ እርሱ የቆሰሉና ከእንግዲህ ወዲያ ኳስ መጫወት የማይችሉ ሕፃናትን አየ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ የገበታ ቴኒስ ካለ የገበታ እግር ኳስ የማይኖርበት ምክንያት የለም ብሎ አሰበና አንድ አናጢ ወዳጁን አሠራው፤ በ1937ም ፈጠራውን ባርሴሎና ውስጥ አስመዘገበ። የፍራንኮ ፋሽስታዊ ጦር ድል ሲያደርግ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጦ ወደ ፈረንሳይ ሲሰደድ ግን የፈጠራው ሰነድ በዝናብ ርሶ ተበላሸበት። ባለቅኔው በስደት ሲንከራተት ገበታው በየመጠጥ ቤቱ እየተተከለ ሳንቲም ይለቅም ጀመር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንገነዘባለን። አንደኛ፣ የተቀነሰ እግር ኳስ ሐሰተኛ እግር ኳስ አይደለም፤ ሮጦ መጫወት ለማይችለው ልጅ ሜዳውን ይመልስለታል። ሁለተኛ፣ ለርኅራኄ የተወለደ ፈጠራም ቢሆን ገበያ ላይ ሲወጣ የገበያውን ሕግ ይቀበላል።

የኤሌክትሪኩ ዘመን የተከፈተው በዚሁ ሕግ ሥር ነው። በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሐንዲስ አል አልኮርን «ፖንግ» የተሰኘውን፣ ሁለት ነጫጭ ዘንጎች አንዲት ነጥብ የሚቀባበሉበትን ጨዋታ ሠራ። የመጀመሪያው ሣጥን በካሊፎርኒያ፣ በሰኒቬል ከተማ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ተተከለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ አልኮርን ቢጠራ፣ ብልሽት ሆኖ የተገኘው የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ከአፍ እስከ ገደፉ መሙላቱ ነበር ይባላል። ታሪኩ ቢያስቅም የአንድ ኢንዱስትሪ የልደት ምስክር ነው። ጨዋታውን ያቆመው የተጫዋቹ ድካም ሳይሆን የሳንቲሙ ብዛት ነበርና።

ሳንቲም የቀረጸው ሜዳ

ከፖንግ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ መሐንዲስ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ሶከር» የተባለ ሣጥን ሠራ። ይህ ሰው በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሠርቶ በዓለም የታወቀው ነው። በሶከር መስኮት ላይ እንደ ፖንግ ሁሉ የሚታየው ዘንግና ነጥብ ነበር። ነገር ግን ኒሺካዶ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ዘንግ ሰጠው፤ አንዱ አጥቂ፣ አንዱ በረኛ ሆነ። እጅ እግር የሌለው፣ ፊት የሌለው፣ ማልያ የሌለው ጨዋታ ነበር። ሆኖም አንደኛው ወደ ፊት ሲሄድ ሁለተኛው ቤት ይጠብቃል። የእግር ኳስ መሠረት የሆነው የሥራ ክፍፍል በሁለት መስመር ብቻ ተገለጸ። ሠዓሊዎቻችን ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነው፤ የአንድ ነገር ባሕርይ በመልኩ ሳይሆን በክፍሎቹ ግንኙነት እንደሚታወቅ ያሳያልና።

ሳንቲሙ ለዚህ ጨዋታ ምን ዓይነት ቅርጽ ሰጠው? ሣጥኑን የተከለው ነጋዴ የሚጠቀመው ተጫዋች ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሳንቲም ዘጠና ደቂቃ ከተጫወቱ ሣጥኑ ይከስራል። ስለዚህ ጨዋታው በደቂቃዎች ማለቅ ነበረበት። ከሣጥኑ አጠገብ አስተማሪ ስለማይቆም፣ ገና የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቅጽበት ሊገባው ይገባ ነበር። የተሰላቸ ሰው ሁለተኛ ሳንቲም ስለማይጨምር፣ በእያንዳንዷ ሰከንድ አንድ ነገር መከሰት ነበረበት። ተጫዋቹ እንዳይሸሽ ቶሎ መሸነፍ የለበትም፤ ነገር ግን እንዳይቆይ የግድ መሸነፍ አለበት። በመሆኑም ቅርጹን የወሰነው የእግር ኳስ ይዘት ብቻ አልነበረም፤ የሣጥኑ የቀን ገቢም አብሮ ወስኖታል።

ይህ ሁሉ ጉዳት ብቻ አመጣ ማለት ግን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ይሆናል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ በመሆኑ ባለቅኔው የሚያባክነው ቃል የለውም። የሣጥኑም ጥበት የጨዋታ ሠሪውን እንዲሁ አስጨንቆታል። የማያስፈልገው ሁሉ ተጣለ፤ የቀረው መሮጥ፣ ማቀበል፣ መምታት፣ ማዳን ሆነ። የሳንቲም ቤት ጨዋታ ፈጣንና ግልጽ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ዘመን ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ቴካን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 ያወጣው «ቴካን ወርልድ ካፕ» ነው። ሜዳው ከላይ ወደ ታች የሚታይ ሲሆን፣ በአንደኛው አሠራሩ ሣጥኑ እንደ ጠረጴዛ ዝቅ ያለ ነበር። ሁለት ሰዎች እንደ ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው በመካከላቸው ያለውን ሜዳ ይመለከታሉ። በእያንዳንዱ ተጫዋች መዳፍ ሥር በጠረጴዛው ውስጥ የተቀበረች፣ ወደፈለገው አቅጣጫ የምትሽከረከር ኳስ አለች። ተጫዋቹን ለማሮጥ እርሷን በመዳፍ ማሽከርከር ግድ ነው፤ በፍጥነት የሚሮጠው መዳፉን የሚያፈጥነው ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሲሮጥ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰው ክንዱ ይዝላል። ጨዋታው ለዓይን ካሳየው ነገር ይልቅ ለእጅ ያሳወቀው ይበልጥ እውነተኛ ነበር፤ እግር ኳስ ድካም መሆኑን አልደበቀምና።

የሳንቲሙ ክፉ ፊትም በዚያው ዘመን ታይቷል። ታይቶ በ1990 ባወጣው «ፉትቦል ቻምፕ» ውስጥ ተጫዋቹ ዳኛው ሳያየው ባላጋራውን መማታት ይችል ነበር። የስፖርት ጨዋነት ለሣቅና ለጩኸት ተለወጠ። በርካታ ሣጥኖች ጎን ለጎን በሚንጫጩበት ቤት ውስጥ ጎልቶ ለመሰማት ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው።

ኳሷ ከእግር ስትለይ

በ1980ዎቹ በአውሮፓ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ወደ መኖሪያ ቤት ሲገቡ ሁኔታው ተለወጠ። አሁን ቤተሰቡ ጨዋታውን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሺህ ጊዜ ቢጫወትም ተጨማሪ ሳንቲም አይጠየቅም። ተጫዋቹ ቶሎ እንዲነሣ የሚፈልግ ማንም የለም። ጨዋታ ሠሪውም አስቸጋሪ፣ ግን ከወራት ልምምድ በኋላ የሚገራ ነገር ለማቅረብ ነፃነት አገኘ።

የዚህ ነፃነት የመጀመሪያ ታላቅ ፍሬ ዲኖ ዲኒ በ1989 የሠራው «ኪክ ኦፍ» ነው ለማለት ይቻላል። ከእርሱ በፊት በነበሩት በብዙዎቹ ጨዋታዎች ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ጋር በሙጫ የተጣበቀች ያህል ነበረች። ዲኒ ኳሷን ከእግር ለያት። ሯጩ ይገፋታል፤ እርሷም ቀድማው ትሄዳለች፤ በድንገት ቢዞር ትታው ትወጣለች። ጀማሪ ሁሉ ኳስ ባመለጠው ቁጥር ተናደደ። የታገሠው ግን ኳስ መቆጣጠር የሚሰጥ ሳይሆን የሚገኝ ነገር መሆኑን ተማረ። በእውነተኛው ሜዳም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ጆን ሄርና ክሪስ ዬትስ የመሠረቱት ሰንሲብል ሶፍትዌር የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ድርጅት «ሰንሲብል ሶከር»ን አቀረበ። ከሳንቲም ቤት የወረሰውን ፍጥነትና ግልጽነት ከቤት ኮምፒዩተር ነፃነት ጋር ያዋሐደ በመሆኑ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሰዎቹ መጠን ያስገርማል። እያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ከማልያው፣ ከፀጉሩና ከቆዳው ቀለም በቀር መለያ የለውም። እነዚህ ትንንሽ ሰዎች የተወለዱት ያው ድርጅት በ1991 ካወጣው «ሜጋ ሎ ማንያ» ከተባለ የጦርነት ጨዋታ ነው። ለጦርነት የተሣሉት ምስሎች ማልያ ሲለብሱ ወደ ሜዳ ወጡ። ሰዎቹ ትንሽ በመሆናቸው ከሜዳው ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ተጫዋቹ ኳስ ከመድረሱ በፊት ለማን እንደሚያቀብል ያያል። በሌላ አነጋገር፣ ሠሪዎቹ የሰውየውን ፊት ሰውተው በሰዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ገዙ። እግር ኳስን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው ጨዋታው የሚወሰነው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ሁለተኛው መሪ መሣሪያው ነው። አንድ ዘንግና አንዲት ቁልፍ ብቻ። ቁልፏ ለቅጽበት ከተነካች ኳሷ ለቅርቡ ጓደኛ ትቀበላለች፤ ጠንከር ተብላ ከተያዘች ትመታለች። ኳሷ ከእግር ከወጣች በኋላ ዘንጉ ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ በአየር ላይ ትታጠፋለች። ይህ በተፈጥሮ ሕግ ሲመዘን ሐሰት ነው፤ ከእግር የወጣችን ኳስ ማንም በሐሳቡ አያጥፋትም። ይሁን እንጂ ግብ ለመምታት የሞከረ ሰው ሁሉ ኳሷ ከሄደች በኋላ ገላውን ወደፈለገበት ያዘነብላል። ጨዋታው ያንን ምኞት ወስዶ ሕግ አደረገው። ኪነ ጥበብ እውነታን ከመቅዳት ይልቅ የእውነታን ስሜት ይሰጣል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ተግባራዊ ማስረጃ ያገኛል።

ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። የኦፍሳይድ ሕግ የለውም፤ ስለዚህ የተከላካዮችን መስመር ጠብቆ የመሮጥ ጥበብ በውስጡ አይገኝም። ሰያፍ የሚመቱ አንዳንድ ኳሶችም ብዙ ጊዜ በረኛውን ያታልሉታል፤ ይህን የደረሰበት ተጫዋች ያንኑ እየደጋገመ ጨዋታውን ያደኸየዋል። ሆኖም በ1994 ተስፋፍቶ «ሰንሲብል ወርልድ ኦፍ ሶከር» በሚል ስም ሲወጣ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቡድኖችንና ወደ 27,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን በጥቂት ዲስኮች ውስጥ አካቷል። ፊት የሌለው ሰው ስም፣ ክለብና ሙያ አገኘ።

ስም ሲሸጥ

ስም ግን የራሱ ገበያ ነበረው። አታሪ በ1980 ያወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ ከጊዜ በኋላ የፔሌን ስም ተሸክሞ ተሽጧል። በመስኮቱ ላይ በእያንዳንዱ ወገን የሚሮጡት ሦስት ምስሎችና አንድ በረኛ ብቻ ሲሆኑ ከፔሌ ጋር የሚያመሳስላቸው አንዳች ነገር አልነበረም። የተሸጠው ጨዋታ ሳይሆን ስሙ ነው።

በ1993 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዓለም አቀፉን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የፊፋን ስም በፈቃድ ይዞ የመጀመሪያውን የፊፋ ጨዋታ አወጣ። በዚያ ጨዋታ የተጫዋቾቹ ስሞች የፈጠራ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እውነተኛ ስሞችም በፈቃድ ገቡ። ምስሉም ወፈረ። በ1994 የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በሳንቲም ቤት ያቀረበው «ቨርቹዋ ስትራይከር» ተጫዋቾቹን ከሁሉም አቅጣጫ የሚታዩ፣ ድፍን አካል ያላቸው አድርጓቸዋል። ከዚያ ወዲህ ፊቱ፣ ላቡ፣ የማልያው እጥፋት የውድድር መስክ ሆነ።

ፈቃዱን ያላገኙት ወገኖች ያደረጉት ነገር የሚያስተምር ነው። የጃፓኑ ኮናሚ ጨዋታዎች የእውነተኛ ተጫዋቾችን ስም እያጣመሙ ይጠቀሙ ነበር። ሮቤርቶ ካርሎስ «ሮቤርቶ ላርኮስ» ተባለ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ» ሆነ። ተጫዋቹ ሕዝብ ግን አልተታለለም፤ አሯሯጡንና አመታቱን አይቶ ማን መሆኑን ዐወቀ። ስሙ ተወስዶ ግብሩ ሲቀር ሰውየው ይታወቃል፤ ግብሩ ተወስዶ ስሙ ብቻ ሲቀር ግን ማንም የለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው የሳንቲሙ መመለስ ነው። በ2009 በፊፋ ጨዋታ ውስጥ «አልቲሜት ቲም» የተባለ ክፍል ተጨመረ። ተጫዋቹ ቡድኑን የሚያቋቁመው የታሸጉ ካርዶችን በመክፈት ሲሆን፣ ካርዶቹን በጨዋታ ከሚያገኘው በተጨማሪ በእውነተኛ ገንዘብ ሊገዛቸው ይችላል። በውስጣቸው ማን እንዳለ ከመክፈቱ በፊት አያውቅም። በ2018 የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይህን የመሰለው ሽያጭ የሀገሪቱን የቁማር ሕግ እንደሚጥስ ወሰነ፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ በዚያች ሀገር ለካርድ መግዣ የሚውለውን ገንዘብ መሸጡን አቆመ።

እንግዲህ ሁለቱን ሳንቲሞች እናነጻጽር። የመጠጥ ቤቱ ሳንቲም ጊዜን ይሸጥ ነበር። ለሀብታሙም ለድኻውም በአንድ ሳንቲም የሚገኘው ደቂቃ እኩል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈርደው እጅ ነው። አዲሱ ሳንቲም ግን ብልጫን ይሸጣል። የተሻለ አጥቂ የሚሰለፍለት ብዙ ካርድ መግዛት ለቻለው ነው። የመጀመሪያው ተጫዋቹን ከወንበሩ ያስነሣዋል፤ ሁለተኛው በሜዳው ላይ ያለውን እኩልነት ያፈርሳል። እኩልነት የሌለበት ግጥሚያ ደግሞ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር እግር ኳስ ሊባል አይገባውም።

የቀረውና የሚቀረው

በ2007 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክምችት ኃላፊ የሆኑት ሄንሪ ሎውድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ያሏቸውን ዐሥር የቪዲዮ ጨዋታዎች ዝርዝር ይፋ አደረጉ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከስፖርት ጨዋታዎች የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ሰንሲብል ወርልድ ኦፍ ሶከር» ነበር። ፊት የሌላቸው እነዚያ ጥቂት ነጥቦች ከቅርስ ተቆጠሩ። በአንፃሩ የታላቁ ስም ዕድሜ ውል ያለበት ዕድሜ ሆኖ ተገኘ። በኤሌክትሮኒክ አርትስና በፊፋ መካከል የነበረው ስምምነት አብቅቶ፣ በ2022 የወጣው በዚያ ስም የተጠራ የኩባንያው የመጨረሻ ጨዋታ ሆነ፤ ከ2023 ጀምሮ ጨዋታው በሌላ ስም ይሸጣል። ሠላሳ ዓመት ያህል ጨዋታውና ስሙ አንድ ነገር ይመስሉ ነበር፤ ሲለያዩ ግን ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች እንደ ነበሩ ታየ።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። በከተሞቻችን ጆተኒ በነበረበት ሰፈር የፕሌይስቴሽን ቤት ተከፍቷል። በአንድ መስኮት ፊት ሁለቱ ሲጫወቱ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ይመለከታሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። በየጨዋታው ይከፈላል። በሀብታም ሀገር ወደ እያንዳንዱ መኝታ ቤት ገብቶ የተበተነው ጨዋታ እዚህ ዳግመኛ የጋራ ሆኗል። አንዳንድ ወላጅና መምህር ይህን ቤት የሥራ ፈቶች መሰብሰቢያ አድርገው ያዩታል። ትምህርት ጥሎ የሚውል ልጅ መኖሩ አይካድም፤ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁን ከመውቀስ በፊት የሚጫወተውን ጨዋታ ማወቅ ይገባል። እጁን የሚያሠለጥን፣ ባዶ ቦታን ማየት የሚያስተምር ነው? ወይስ ኪሱን የሚፈትሽ? ሁለቱ በአንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ስለሚገኙ የሚለያቸው የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎቻችንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነገ ከመካከላችን ተነሥቶ የእኛን ሜዳ፣ የእኛን ሰፈር ግጥሚያ፣ በድንጋይ የተሠራውን ግብ በመስኮት ለማሳየት የሚነሣ ወጣት አይጠፋም። ባለ ብዙ ገንዘብ ኩባንያዎች የሚሠሩትን ዓይነት ፊት ለመሥራት ገንዘቡ የለኝም ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ኒሺካዶ በሁለት ዘንግ ጀመረ። ሄርና ጓደኞቹ ለጦርነት ከተሣሉ ጥቂት ነጥቦች አሥራ አንድ ተጫዋቾች አወጡ። ፊኒስቴሬ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ያሰበው ኳስ ስለናፈቃቸው ሕፃናት እንጂ ስለ ሜዳው ስፋት አልነበረም። ሠሪው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው እግር ኳስን እግር ኳስ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ነው። ያንን ከያዘ የቀረውን ሊጥለው ይችላል።